ውሃው ሲሸሽ

ባለፈው ቅዳሜ ጎረቤታችን ቤት የሚያህል መኪና ተከራይቶ መጣና የመንገዳችንን ግማሽ ዘጋው። አልጋ፣ ምድጃና መታጠቢያ ያለው፣ እዚህ አር ቪ የሚሉት ዓይነት ነው። ልጄ በመስኮት አይታው በእንግሊዝኛ፣ "ማሚ፣ እንደዚህ ዓይነት ነገር ውስጥ ገብተሽ ታውቂያለሽ?" ብላ ጠየቀችኝ። "አንድ ጊዜ፣ አንቺ ሳትወለጂ" አልኳት በአማርኛ። ሌላ ጥያቄ ትጨምራለች ብዬ ስጠብቅ ስልኳ ጮኸና ወደ ክፍሏ ገባች። እኔ ግን የጀመርኩትን ሽንኩርት ትቼ መስኮቱ ጋ ቆምኩ። ጎረቤቴ ከነሚስቱ ብርድ ልብስ፣ ድስትና የውሃ ጀሪካን ሲጭን እያየሁ፣ ያ ሳልናገረው የኖርኩት በጋ ከነሽታው መጣብኝ።

ያን ጊዜ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። የምኖረው ዲሲ አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከሁለት ሴቶች ጋር በተጋራሁት አፓርታማ ነው። ቀን ቀን አቅም ያነሳቸውን አዛውንት ቤታቸው ድረስ እየሄድኩ እንከባከባለሁ፤ ማታ ኮሌጅ እማራለሁ። ታላቅ ወንድሜ ዮናስ ከሚስቱ ከሐረግ ጋር እዚያው ዲሲ አጠገብ፣ አሌክሳንድሪያ ይኖር ነበር። ሥራው የሆቴል እንግዶችን በትንሽ አውቶቡስ ኤርፖርት ማመላለስ ነው። እሑድ እሑድ ሁልጊዜ ምሳ የምበላው እነሱ ቤት ነበር። ኤልያስንም ያወቅኩት እዚያው ነው።

ኤልያስ ዮናስ ከማግባቱ በፊት አብሮት የኖረ ልጅ ነው። የባሕር ዳር ልጅ ነው፤ ዲሲ መሀል ካለ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ይሠራ ነበር። ዝምተኛ ሆኖ ሳለ ሲስቅ ድምፁ ከሁላችን ይበልጥ ነበር። በዚያ ዓመት በጥምቀት ሰሞን እናቱ አገር ቤት ዐረፉ። ለቅሶውን እሱ አፓርታማ ተቀመጥን። ታላቅ ወንድሙ ብርሃኑ ያኔ ካናዳ፣ ሞንክተን የሚባል ከተማ ነበር፤ በሌላ መንገድ ተሰድዶ፣ ጥገኝነት ጠይቆ ውሳኔ ይጠብቃል። ወንድማማቾቹ ከተያዩ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸው ነበር። ሐረግ አንድ ወንበር ከለቀስተኛው መሀል አስቀመጠችና የኤልያስን ስልክ ስፒከር ላይ አድርጋ እላዩ ላይ አኖረችው። ብርሃኑ ከዚያ ወንበር ላይ እያለቀሰ፣ እኛ ደግሞ ወደ ወንበሩ ዞረን "እግዜር ያጽናህ" እንለው ነበር። መስመሩ በተቋረጠ ቁጥር ኤልያስ ተነስቶ እንደገና ይደውላል። ከዚያ ሁሉ ቀን በኋላ በዓይኔ ላይ የቀረው ያ ወንበር ነው።

ሐዘኑ ካለፈም በኋላ ኤልያስ ወደ ራሱ አልተመለሰም። እሑድ ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ ሐረግ ያቀረበችለትን አንድ ሁለት ጎርሶ ይተወዋል። አንድ ቀን ዝምታው ሲከብደኝ የማወራው ሳጣ፣ ስለምንከባከባቸው ሽማግሌ ማውራት ጀመርኩ። ሰውየው ተወልደው ያደጉት ኒውፋውንድላንድ በምትባል የካናዳ ትልቅ ደሴት ነው። እግራቸውን ሳሽላቸው ሁልጊዜ የሚያወሩኝ ስለዚያች ደሴት ነበር። መርከቡ አፉን ከፍቶ የጭነት መኪናውን ሁሉ በሆዱ እንደሚያስገባ፣ ከተሻገሩ በኋላ ከዳር እስከ ዳር የሚያቋርጥ አንድ መንገድ እንዳለ፣ በበጋ እንኳን የበረዶ ተራራ ባሕሩ ላይ ተንሳፍፎ እንደሚታይ ይነግሩኛል። ከፈረስ የሚበልጥ ቀንዳም አውሬም በዚያ መንገድ ላይ ሲመሽ ድንገት ይቆማል ይላሉ።

ዮናስ ጉርሻውን እንደያዘ፣ "ወደዚያ ለመሄድ ብርሃኑ ያለበት ከተማ በመንገድ ላይ አይደል?" አለ።

ኤልያስ ቀና አለ። "ነው። በዚያ ነው የሚታለፈው።"

"ታዲያ አር ቪ ተከራይተን ለምን አንሄድም? ብርሃኑን ከሞንክተን እናነሳዋለን። አምስት ሆነን ደሴቱን አቋርጠን እንመለሳለን።"

ዮናስ ይህን ያለው ጓደኛውን ከዚያ ሶፋ ላይ ለማስነሳት እንደነበር አውቃለሁ። እውነትም አስነሳው። በሚቀጥለው እሑድ ኤልያስ ከኢንተርኔት ያተማቸውን ካርታዎች ይዞ መጣና በሐረግ ፈቃድ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ አያይዞ ለጠፋቸው። ከአሌክሳንድሪያ ተነስተው ሶፋውን ተሻግረው፣ በበሩ ላይ አልፈው፣ ደሴቱ ላይ፣ መብራት ማጥፊያው አጠገብ ያበቁ ነበር። የት ቤንዚን እንደምንቀዳ፣ የት እንደምናድር፣ የመርከቡ ቦታ አስቀድሞ ካልተያዘ ለትልቅ መኪና እንደማይገኝ፣ ሁሉንም አጠና። ሐረግ ስንቁን ያዘች፤ ቋንጣ፣ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ የተቀመመ ሽሮ። የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ስለነበር፣ "በዚህ በጋ ካልሄድን ከእንግዲህ የምንሄደው ልጁ ሲዳር ነው" ትል ነበር። ቋንጣው ድንበር ላይ ይወሰድብናል አይወሰድብንም በሚል አንድ ሙሉ እሑድ ተከራክረናል። ኤልያስ መብላት ጀመረ፤ ከዚያም ሳቁ ተመለሰ።

ሰኔ መግቢያ ላይ መኪናውን ለማየት ከፎልስ ቸርች አለፍ ብሎ ወዳለ ቦታ አራታችንም ሄድን። ባለቤቱ ዕድሜው የገፋ፣ ደግ የሚመስል ሰው ነበር። የውሃውን ቧንቧ፣ የምድጃውን ጋዝ፣ ጠረጴዛው እንዴት አልጋ እንደሚሆን አሳየን። ኮንትራቱን ሲሞላ፣ ካናዳ የምንገባ ከሆነ የሁላችንም ወረቀት የተሟላ መሆኑን ቀድመን እንድናረጋግጥ መከረን። ዮናስ እየሳቀ ግሪን ካርዱን ከቦርሳው አወጣና ጠረጴዛው ላይ እንደ መጫወቻ ካርታ መታው። ሐረግም አወጣች፤ እኔም አወጣሁ። ኤልያስ ግን "ጎማዎቹን ልይ" ብሎ ወጣ። በመስታወቱ አየሁት። መኪናውን ዞሮ ወደማዶው ሄዶ ቆመ እንጂ አንድም ጎማ አላየም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ኤልያስን ብቻውን የማገኝበትን ጊዜ እፈልግ ነበር። ሽማግሌው ደንበኛዬ የሚኖሩት ዊተን ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት ሥራ ጨርሼ ስወጣ ኤልያስ ቅመም ሊገዛ መጥቶ ባቡር ጣቢያው በር ላይ ተገናኘን። የዊተንን ተንቀሳቃሽ ደረጃ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ቆሞ ለሚወርድ ሰው አንድ ወሬ ተጀምሮ የሚያልቅበት ርዝመት አለው። ከላዬ ባለው ደረጃ ላይ ቆሞ ነበር። ዞሬ ሳላየው ጠየቅኩት።

"ኤልያስ፣ ግሪን ካርድህ የታለ?"

የቅመም ከረጢቱን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።

"የለኝም" አለ። "የጥገኝነት ኬዜ አላለቀም። ከኢንተርቪው በኋላ ወደ ዳኛ መሩኝ። እስካሁን እየጠበቅኩ ነው።"

"ዮኒ ግን አልቆለታል ነው የሚለው።"

"ኢንተርቪው ወጥቼ ደህና ነበር ስለው እንኳን ደስ ያለህ ብሎ አቀፈኝ። አይ፣ ገና ነው ማለት አቃተኝ። ከእኔ በኋላ የመጡት ሁሉ ጨርሰው እኔ ብቻ ቀረሁ፣ ትዕግሥት። አፍሬ ነው።"

"ታዲያ በምን ልትሻገር ነው?"

"በመንጃ ፈቃድ ብቻ ያለፉ አሉ ይላሉ። አንዳንዴ መኪናውን አይተው እለፉ ይሏችኋል አሉኝ።"

"ስትመለስስ?"

ደረጃው አለቀና መድረኩ ላይ ቆምን። "አንድ ቀን ብቻ ከወንድም ጋሼ ጋር ብቀመጥ" አለ ቀስ ብሎ። "እማዬን አብረን አላለቀስናትም። በስልክ ለቅሶ ለቅሶ ነው?"

የጠርዙ መብራቶች ብልጭ ድርግም ማለት ጀመሩ፤ ባቡሩ እየመጣ ነው። በዚያ ሰሞን ዮናስ የዜግነት ፈተና ቀጠሮ ደርሶት ነበር። ሐረግ ነፍሰ ጡር ናት። ድንበር ላይ ሰው ይዘው ሲያሻግሩ ተገኙ ቢባል ምን እንደሚመጣ ማንም ሊነግረኝ አያስፈልግም።

"እሑድ ለዮኒ ንገረው" አልኩት። "አንተው ራስህ ንገረው። ካልነገርከው እኔ እነግረዋለሁ።"

"እሺ" አለ። ባቡሩ ገባ፤ ተለያይተን ተቀመጥን።

እስከ እሑድ ያለው ጊዜ አላልፍ አለኝ። ስልኬ በጮኸ ቁጥር እደነግጥ ነበር። እሑድ ምሳ ቀረበ፣ ተበላ፣ ተነሳ። ሐረግ እጃችንን አስታጥባን ስትመለስ፣ ኤልያስ የታጠበ እጁን እንኳን ሳያደርቅ፣ "ዮኒ፣ ድንበር መሻገር አልችልም። ወረቀት የለኝም" አለ። ከዚያም ያን ለእኔ የነገረኝን ሁሉ ሳያስቀር ነገረው።

ወንድሜ ሲቆጣ አይጮህም፤ ድምፁ ይወርዳል። ተነስቶ ቴሌቪዥኑን አጠፋ።

"ስለዚህ ምን ልታደርግ ነበር? እዚያ ስንደርስ፣ መኮንኑ መስኮቱን ሲያንኳኳ፣ ያን ጊዜ ልትነግረኝ?"

"አላውቅም።"

"ቤቴ ተቀምጠህ፣ ሚስቴ የሠራችውን እየበላህ፣ ሁላችንንም ገደል የሚያገባንን መንገድ ነው ግድግዳዬ ላይ ስትለጥፍ የከረምከው?"

ኤልያስ አንገቱን ደፋ። ዮናስ ወደ ግድግዳው ሄዶ ካርታውን ከጫፉ መላጥ ጀመረ። ሐረግ ከኩሽናው በር ላይ፣ "ተወው" አለችው። "ያስለጠፍኩት እኔ ነኝ። የሚነሳም ከሆነ እኔ አነሳዋለሁ።" ዮናስ እጁን ከግድግዳው አወረደ፤ ቁልፉን አንስቶ ወጣ። ኤልያስም ጥቂት ቆይቶ ወጣ። እኔና ሐረግ ሳህን አጠብን።

በሚቀጥለው ቀን ሐረግ ለኤልያስ ደውላ ጠበቃውን እንዲጠይቅ አስገደደችው። የጠበቃው መልስ አጭር ነበር፤ ከአገር ከወጣህ ኬዝህን ትተህ እንደሄድክ ይቆጠራል፣ መመለሻም የለህም። ሐረግ ይህን ሰምታ ካርታው ፊት ወንበር አስቀምጣ ተቀመጠች። ጣቷን መንገዱ ላይ እያስኬደች ሄዳ ሄዳ የሜይን ግዛት ጫፍ ላይ አቆመች። እዚያ ድንበሩ ወንዝ ነው። ሁለት ትናንሽ ከተሞች ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፤ አንዷ የአሜሪካ፣ አንዷ የካናዳ። በመሀላቸው ድልድይ አለ።

"እስከዚህ ይምጣ" አለች እሑድ ሁላችንን ሰብስባ። "ብርሃኑ በአውቶቡስ መጥቶ ከማዶ ይቁም። ቢያንስ በዓይናቸው ይተያዩ። ከዚያ ኤልያስ ይመለሳል፣ ብርሃኑ በእሱ ቦታ ከእኛ ጋር ይሄዳል።"

ዮናስ ኤልያስን ሳያይ፣ "ወንድሙን ሲያይ እግሩ አልታዘዝ ቢለውስ? ድልድዩ ላይ ቢወጣስ?" አላት።

"አልወጣም" አለ ኤልያስ።

"ማል።"

"የእናቴ አፅም ይፋረደኝ።"

ዮናስ ፊቱን በእጁ አሸት አደረገና፣ "በቃ" አለ።

በሐምሌ መሀል አንድ ማለዳ ተነሳን። ብዙዎች የዚህ ዓይነቱን ጉዞ ሲያስቡት ዘፈንና ሳቅ ይታያቸዋል። የኛ እንደዚያ አልነበረም። ዮናስ መሪውን በሁለት እጁ ጨምድዶ ይዟል፤ ትልልቅ የጭነት መኪኖች ባጠገባችን ባለፉ ቁጥር ነፋሳቸው ቤታችንን ይወዘውዘዋል። ኒው ጀርሲ ላይ ሲታጠፍ ቁም ሳጥኑ ተከፍቶ በሶው ወለሉ ላይ ተበተነ። በሌላ ቀን ቢሆን እስኪያመን የምንስቅበት ነገር ነበር፤ ያን ቀን ሐረግ መጥረጊያ ይዛ ዝም ብላ ጠረገችው። ኤልያስ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጦ መንገድ ይመራል። ሁለቱ የሚነጋገሩት ያንኑ ብቻ ነው።

"ቀጣዩ መውጫ በቀኝ።"

"እሺ።"

ሜይን ከገባን በኋላ ጥዱ ግራና ቀኝ እየከበበን፣ አየሩ እየቀዘቀዘ ሄደ። ገበሬዎች መንገድ ዳር በሣጥን የሚሸጡትን ሰማያዊ ፍሬ ሐረግ ገዝታ አስቀመጠች፤ ከእሷ በቀር ማንም አልነካውም። እኔ ከኋላ አልጋው ላይ ተጋድሜ የኤልያስን ማጅራት አያለሁ። ድንበሩ በቀረበ ቁጥር ጡንቻው እየተገተረ የሚሄድ ይመስለኝ ነበር። ምሎ ሳለ ለምን እንደማላምነው ራሴን እጠይቃለሁ። ከዚያ የራሴን ወንድም ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ወንዝ ማዶ ቆሞ ባየው እኔስ ምን እንደማደርግ አስባለሁ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ከተማዋ ደረስን። አንድ ዋና መንገድ፣ ጡብ ቤቶች፣ ከኋላቸው ወንዙ። መኪናውን አቁመን በእግር ወረድን። ውሃው ሰፊና ጥቁር ነበር፣ እስከ ጠርዙ ሞልቷል። ከማዶ ሣር ላይ ሰማያዊ ጃኬት የለበሰ አንድ ሰው ቆሟል። እዚያ ማዶ ሰዓቱ ከእኛ በአንድ ሰዓት ይቀድማል፤ ቀድሞን ደርሶ ሲጠብቅ ቆይቷል።

ኤልያስ እጁን እንኳን አላነሳም። ስልኩ ጮኸ። ጆሮው ላይ አድርጎ፣ "አየሁህ" አለ። "አየሁህ፣ ወንድም ጋሼ። ከሳህ እንዴ?" ፊቱ በውል አይለይም ነበር፤ ከሳ አልከሳ ለማለት ሩቅ ነው።

እኛ ራቅ ብለን ቆምን። ትንሽ ቆይቶ እንግዳ ነገር አስተዋልኩ። ውሃው እየሸሸ ነበር። መጀመሪያ ያልነበረ ድንጋይ ብቅ አለ፤ ከዚያ ሌላ፤ ከዚያ የተጠረበ የቆየ ግንድ፤ ከዚያ የሚያብለጨልጭ ጭቃ። ባሕሩ ቅርብ ስለሆነ ወንዙ በቀን ሁለት ጊዜ ሞልቶ ሁለት ጊዜ እንደሚጎድል በኋላ ነው የሰማሁት። ኤልያስ ሐይቅ ዳር ነው ያደገው፣ ጣናን ያውቃል፤ እንዲህ የሚያደርግ ውሃ ግን አላየም። ውሃው አንድ እርምጃ ሲለቅ እሱ አንድ እርምጃ ይወርዳል። ከማዶም ሰማያዊው ጃኬት እንደዚያው ይወርዳል። ስልክ የማያስፈልጋቸው ጊዜ ደረሰ። ኤልያስ ስልኩን ኪሱ ከተተ። አሁን የብርሃኑ ፊት ይታያል። ጢሙ ሸብቷል።

በዚያን ጊዜ ከጀርባችን መኪና ሲቆም ሰማሁ። የድንበር ጠባቂ መኪና ነበር። ዮናስ ወደ መኪናው ወጣ፤ ከመስኮቱ ጎን ቆሞ ሲያወራ፣ በእጁ ወደ ወንዙ ሲያመለክት አየሁት። ጠባቂው ወርዶ ኤልያስን አላናገረውም፤ አልሄደምም። ሞተሩን አጥፍቶ እዚያው ተቀምጦ ማየት ያዘ። ዮናስ ተመልሶ መጣ። "እናታቸው ሞታ ነው አልኩት" አለን። "ውሃውን አይንኩ ብሏል።"

ወንዙ አሁን ወንዝ አይመስልም። በሁለት ጭቃ መሀል የሚሄድ፣ አንድ ልጅ ድንጋይ ወርውሮ የሚያሻግረው ውሃ ሆኗል። ብርሃኑ ከማዶ፣ "ኤልዬ" ብሎ ተጣራ። ድምፁ በደንብ ደረሰን። "እማዬ ስምህን እየጠራች ነው የሞተችው አሉኝ። በስልክ ልነግርህ አልቻልኩም ነበር።"

ኤልያስ ከወገቡ እጥፍ አለ። ከዚያም ለቅሶው መጣ። የብርሃኑም መጣ። እጃቸውን ራሳቸው ላይ አድርገው፣ አንዱ ሲያወርድ ሌላው እየተቀበለ፣ እናታቸውን በስሟ እየጠሩ አለቀሱ። በዚያች ጸጥ ያለች ከተማ፣ ከማዶ ውሻ ይዘው የሚያልፉ ሰዎች ቆመው ቀሩ። ሐረግ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ጭቃው አፋፍ ላይ ተቀመጠች። እኔም ከጎኗ ተቀመጥኩ።

ብርሃኑ አንድ እግሩን ውሃው ውስጥ አገባ፤ ከዚያ ሁለተኛውን። ኤልያስም ወደፊት ተንደረደረ። ጫማው ጭቃው ውስጥ ቀረ። ከኋላ የመኪና በር ሲከፈት ሰማሁ። ያን ጊዜ ዮናስ ከነጫማው ወደ ጭቃው ገብቶ ሮጠና ኤልያስን ከኋላ በሁለት እጁ ደረቱ ላይ አቀፈው። "ይዤሃለሁ" አለው። "አልቅስ። ይዤሃለሁ።" ኤልያስ ተወራጨ፤ ከዚያ ክብደቱን ለቀቀበት። ለወር በቅጡ ያልተነጋገሩ ሁለት ወንዶች እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ጭቃ ውስጥ ቆሙ። "ወንድም ጋሼ፣ ተመለስ" ብሎ ጮኸ ኤልያስ። "ኬዝህን ታበላሻለህ፣ ተመለስ።" ብርሃኑ ውሃው ጉልበቱ ላይ እንደደረሰ ቆመ። ብዙ ቆየ። ከዚያ ወደኋላ አንድ እርምጃ ሄደ።

ከቀትር በኋላ ውሃው ተመልሶ መጣ። ሲመለስ ድምፅ የለውም፤ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ ይሸፍናል። ወንድማማቾቹ እየተያዩ፣ አንዳንድ ነገር እየተባባሉ፣ ወደየዳርቻቸው ወጡ። እንደገና ስልክ ያስፈለጋቸው ጊዜ የድንበሩ ጠባቂ ሞተሩን አስነስቶ ሄደ።

ኤልያስን የሚመልሰው አውቶቡስ የሚነሳው በማግስቱ ጠዋት ነበር። ዮናስ ሞቴል ያዘለት፤ ጫማም ገዝቶ አመጣለት። ከዚያ እኛ መሄድ አለብን፤ የመርከቡ ቦታ በቀን የተያዘ ነው። መኪናው ተነስቶ ሊንቀሳቀስ ሲል ከበሩ ወደ ውጭ አየሁ። ኤልያስ አዲሱን ጫማ አድርጎ፣ ትንሽ ቦርሳውን ይዞ፣ መኪና ማቆሚያው ላይ ቆሟል። ሻንጣዬን ከአልጋው ሥር ጎተትኩ።

"ምን እያደረግሽ ነው?" አለችኝ ሐረግ።

"ከእሱ ጋር ልመለስ።"

ዮናስ ከመሪው ዞረ። "አብደሻል? ይህን ሁሉ ወር ያቀድነውን?"

"ስትመለሱ ትነግሩኛላችሁ።"

ሐረግ አየችኝ፣ ከዚያ ዮናስን "ክፈትላት" አለችው። ወረድኩ። ከኤልያስ ጋር ሆነን መኪናው ድልድዩን ሲሻገር አየነው። ፍተሻው ጋ ቆየ፣ ከዚያ አለፈ። ከማዶ ሰማያዊው ጃኬት ወደ መኪናው ሲሄድ፣ በሩ ሲከፈትና ሲውጠው አየን።

በማግስቱ አውቶቡሱ ውስጥ ኤልያስ እስከ ቦስተን ድረስ አንድ ቃል አልተናገረም። ቦስተንን አልፈን ከሰዓቱ ፀሐይ በመስኮት ሲገባ ሰዓቱን አየ።

"አሁን ተሰልፈዋል" አለ።

"እነማን?"

"እነ ዮኒ። መርከቡ አፉን ከፍቷል። ቀድመው የሚያስገቡት ትልልቆቹን ነው። ሐረግ ደረጃ መውጣት ስለሚከብዳት ወንድም ጋሼ ክንዷን ይዟታል።"

ከዚያ ወዲያ አላቆመም። ግድግዳው ላይ ያጠናውን ሁሉ በቃሉ ያውቀው ነበር። ኒው ዮርክ ስንደርስ እነሱ መሀል ባሕር ላይ ነበሩ፤ ዴላዌር ስንደርስ የደሴቱ መብራት ታያቸው። "እዚያ ግማሽ ሰዓት ይጨመራል" እያለ ሰዓቱን ያሰላል። ዋሽንግተን ወርደን ከተለያየን በኋላም በዚያ ሳምንት በየቀኑ በምሳ ሰዓቱ ከሥራ ይደውልልኝ ነበር። "ዛሬ ቀዩ ተራራ ጋ ናቸው።" "ዛሬ ዓሣ አጥማጆቹ መንደር ቁርስ በልተዋል፣ የበረዶ ተራራውን አይተዋል።" እኔ የሽማግሌውን እግር እያሸሁ ስልኩን በትከሻዬ ይዤ እሰማዋለሁ።

ሲመለሱ ዮናስና ሐረግ የነገሩን ግን ሌላ ነበር። በነፋስ ምክንያት መርከቡ ዘግይቶ አንድ ቀን ወደቡ ላይ አድረዋል። ብርሃኑ ባሕሩ ላይ ሲያስመልስ ውሎ ክንዱን የያዘችው ሐረግ ናት። ማቀዝቀዣው ተበላሽቶ ስንቁ ግማሹ ተጥሏል። የበረዶ ተራራ ያየ የለም። ኤልያስ ይህን ሁሉ ሲሰማ በዚያ ትልቅ ሳቁ ሳቀ፤ ዮናስም አብሮት ሳቀ።

የኤልያስ ኬዝ ያለቀው ከአራት ዓመት በኋላ ነው። በአውሮፕላን ሄዶ ብርሃኑን አቀፈው። ዛሬ አግብቶ ወልዶ አሌክሳንድሪያ ይኖራል። በእኔና በእሱ መሀል ነገር ነበር ወይ ብለው ያኔ የጠየቁኝ ብዙዎች ናቸው። ከነበረም ሳንጠራው አልፏል። ደሴቱን እስካሁን ሁለታችንም አላየነውም። አሁን የሚከለክለን ወረቀት የለም፤ ሥራ፣ ልጆች፣ የወገብ ሕመም አለ።

ሐረግ ግን እስከዛሬ ስንገናኝ፣ "ለምን ወረድሽ?" ትለኛለች። ለብዙ ጊዜ መልሱን አላውቀውም ነበር። ጎረቤቴ ዕቃውን ጭኖ ሲጨርስ፣ ሚስቱ ከፊት ተቀምጣ በሯን ስትዘጋ እያየሁ፣ ቀላል ሆኖ ታየኝ። ባደግንበት አገር ሰው ቀብሮ የሚመለሰውን ብቻውን ቤቱ አይሰዱትም፤ አንድ ሰው አብሮት ይሄዳል፣ ያወራዋል ወይም ዝም ይልለታል። ያን ቀን በዚያ መኪና ማቆሚያ ላይ ከለቅሶ የተመለሰ ሰው ቆሞ ነበር። ዮናስና ሐረግን ብርሃኑ ማዶ ይጠብቃቸዋል፤ ከአራታችን ሌላ ቦታ መድረስ የማይጠበቅባት እኔ ነበርኩ።